የማኅበራዊ ሳይንስ ዶክተሮች ከምረቃ በኋላ ወዴት ይሠማራሉ?

በአማርኛ “ዶክተር” የሚለው ማዕረግ ቀድሞ የሚያስታውሰው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪምን ነው። በመሆኑም በታሪክ፣ በሶሲዮሎጂ ወይም በጂኦግራፊ ሦስተኛ ዲግሪ ያገኘ ምሁር በሰፈሩ እድር ስብሰባ ላይ በዚህ ማዕረግ ሲጠራ፣ ከጎኑ የተቀመጡ አዛውንት ስለ ወገብ ሕመማቸው ምክር ቢጠይቁት አያስገርምም። ሐኪም አለመሆኑን ሲያስረዳ ደግሞ “ታዲያ ሥራህ ምንድን ነው?” የሚል ሌላ ጥያቄ ይከተላል።

ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በማገባደድ ላይ የሚገኙ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያነሱት ነው። በማኅበራዊ ሳይንስ ሦስተኛ ዲግሪ ማግኘት በትንሹ አራት ዓመት፣ በብዙዎች ዘንድ ደግሞ ስድስትና ሰባት ዓመት ይፈጃል። ይህን ያህል ዕድሜ የሚጠይቅ ትምህርት የሚያስገኘው የሥራ መስክ የትኛው እንደሆነ፣ መስኩም ባለፉት ዓመታት እንዴት እንደተለወጠ መመልከቱ ተገቢ ይሆናል።

ቀደም ባለው ጊዜ ጥያቄው ብዙም አያስጨንቅም ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈትና በ1954 ዓ.ም. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲነት ሲያድግ አብዛኞቹ መምህራን የውጭ ዜጎች ነበሩ። ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ የሚላክ ኢትዮጵያዊ ሲመለስ የሚተካው መምህር፣ የሚረከበው ወንበር አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ናቸው። እኒህ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ከለንደን የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተው በመመለስ በታሪክ ትምህርት ክፍል አስተማሩ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምንም በዳይሬክተርነት መሩ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም ከዚያው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ተመርቀው ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። የታሪክ ዶክተር ከስድስት ኪሎ ወጥቶ ተመልሶ ወደ ስድስት ኪሎ የሚገባበት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

በ1990ዎቹ ዓመታት የዩኒቨርሲቲዎች መስፋፋት ይህን ጠባብ መንገድ ሰፊ ጎዳና አደረገው። እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ በሀገሪቱ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የመቀሌ፣ የጅማ፣ የባሕር ዳርና በኋላ ሐዋሳ ተብሎ የተሰየመው የደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረቱ፤ በ1996 ዓ.ም. ጎንደርና አርባ ምንጭ ተከተሉ። ከዚያም በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ የጀመሩ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. ገደማ እንደ እንጅባራ፣ ደባርቅ፣ ጂንካ፣ ቦንጋና መቅደላ አምባ ያሉት በመጨመራቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደርሷል። እያንዳንዱ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት የሶሲዮሎጂ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የሥነ ልቦና፣ የጂኦግራፊና የሥነ ዜጋ ትምህርት ክፍሎችን ይዞ ነበር የሚነሳው። ትምህርት ክፍሎቹ ደግሞ መምህር ይፈልጋሉ።

ፍላጎቱን ለመሙላት በርካታ መንገዶች ተከፍተዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በርካታ የዶክትሬት ፕሮግራሞችን በተቀራራቢ ጊዜ ውስጥ ጀመረ። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ዩኒቨርሲቲ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶ ኢትዮጵያውያን በሀገራቸው እየኖሩ ሦስተኛ ዲግሪ እንዲማሩ አደረገ። ሌሎች ደግሞ ወደ ሕንድ፣ ወደ ኖርዌይ፣ ወደ ኔዘርላንድስና ወደ ቤልጅየም አቀኑ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ቀድሞውኑ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሲሆኑ፣ ደመወዛቸው ሳይቋረጥ የተማሩና ለተማሩበት ጊዜ ተመልሰው ለማገልገል ውል የፈረሙ ናቸው። በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ ከበርካታ ሀገሮች አቻው የሚለይበት ዋነኛ ነጥብ ይኸው ነው፤ ትምህርቱን የሚጀምረው ሥራ ይዞ ነው። ሥራ ፈላጊ ሆኖ የሚመረቀው በግሉ ከፍሎ የተማረው ወይም የአገልግሎት ውሉን ጨርሶ ሌላ መስክ የሚመኘው ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሰው ዶክተር በረዳት ፕሮፌሰርነት ይመደባል። ከዚያ በላይ ያሉት የተባባሪ ፕሮፌሰርነትና የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረጎች የሚገኙት ታዋቂነት ባላቸው መጽሔቶች ላይ በሚታተሙ ጥናቶች፣ በማስተማር ውጤትና በማኅበረሰብ አገልግሎት ነው። በተግባር ግን በተለይ በአዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዶክተሩ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ የኮሌጅ ዲን ወይም የምርምር ዳይሬክተር ሆኖ ይሾማል። ሦስተኛ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ጥቂት በሆኑበት ግቢ ይህ የማይቀር ቢሆንም፣ ምርምር ይሠራል ተብሎ በብዙ ወጪ የሠለጠነው ሰው ቀኑን በስብሰባና በግዥ ሰነድ ፊርማ ማሳለፉ ሊያስቆጭ የሚገባ ጉዳይ ነው።

የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራንን የሥራ ዋስትና መጀመሪያ የነካው በ2001 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን የጀመረው የ70/30 የቅበላ ምጣኔ ነበር። በዚህ ፖሊሲ መሠረት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡ ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ትምህርቶች እንዲመደቡ ተደረገ። አጠቃላይ የቅበላው ቁጥር በፍጥነት እያደገ ስለነበር ምጣኔው ወዲያውኑ የመምህር ትርፍ አልፈጠረም። ከብዙ ሺህ ተማሪ 30 በመቶው ራሱ ብዙ ነበርና።

ሁኔታው በግልጽ የተለወጠው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና አሰጣጥ ሲለወጥ ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብተው እንዲፈተኑ ከተደረገ በኋላ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 22 ሺህ 936ቱ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች 6 ሺህ 973 ነበሩ። በመቶኛ ሲሰላ ከማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች ያለፉት 1.3 በመቶ መሆናቸው ነው። ቁጥሩ ከ40 ለሚበልጡት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በእኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ከ175 ተማሪ አይበልጥም። ይህን ያህል ተማሪ ደግሞ በኢኮኖሚክስ፣ በሕግ፣ በሥራ አመራር፣ በሒሳብ አያያዝ፣ በሶሲዮሎጂና በሌሎችም ክፍሎች መካከል ይከፋፈላል። በቀጣዩ ዓመትም ያለፉት 3.2 በመቶ ነበሩ። የአቅም ማሻሻያ ወይም በተለምዶ “ሪሚዲያል” የሚባለው ፕሮግራም ባይጀመር ኖሮ በርካታ የመማሪያ ክፍሎች ባዶ በቀሩ ነበር።

ተማሪዎች ትምህርት ክፍላቸውን ራሳቸው በሚመርጡበት ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጡት ለሕግ፣ ለሒሳብ አያያዝና ለኢኮኖሚክስ ነው። ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ሥነ ዜጋን የመሰሉ የትምህርት ክፍሎች በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለተከታታይ ዓመታት አዲስ ተማሪ ሳይቀበሉ አሳልፈዋል። የተማሪ እጥረት ያለበት ክፍል አዲስ ረዳት ፕሮፌሰር አይቀጥርም።

ለእነዚህ ክፍሎች መምህራን የእንጀራ ዋስትና ሆኖ የቆየው በ2012 ዓ.ም. ተግባራዊ የሆነው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ነው። በዚህ ሥርዓት የምሕንድስናም ሆነ የሕክምና ተማሪ ወደ ሙያ ትምህርቱ ከመሻገሩ በፊት የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ጠቅላላ ሥነ ልቦናን፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂን፣ ሎጂክን፣ የሥነ ምግባርና ሥነ ዜጋ ትምህርትን ይወስዳል። ስለዚህ በዶክትሬት ጽሑፉ የአንድን ወረዳ የመሬት አጠቃቀም በጥልቀት ያጠና የጂኦግራፊ ምሁር፣ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ዳግም ሊያገኛቸው ለማይችሉ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች መሠረታዊውን ትምህርት በመስጠት ነው። ሥራው ክቡር መሆኑ አያጠያይቅም፤ ዶክትሬት ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያለው ቀዳሚ የሥራ መስክ የምርምር ተቋማት ናቸው። ለአንድ የአፍሪካ ከተማ አዲስ አበባ በዚህ ረገድ የታደለች ናት። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ፣ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ መቀመጫቸውን በዚሁ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው የማኅበራዊ ጥናት መድረክም የመንግሥት ያልሆነ የጥናት ተቋም ሊኖር እንደሚችል ካሳዩት አንዱ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ደግሞ በስሩ የጥናት ኢንስቲትዩት አቋቁሞ ለባለሙያዎቹ ሌላ የሥራ በር ከፍቷል። በመንግሥት በኩል የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩትና የፖሊሲ ጥናትና ምርምር ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ተዋህደው የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩትን መሥርተዋል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዋሽንግተን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከቀድሞው የልማት ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር ባካሄደው ፕሮግራም በርካታ ወጣት ኢኮኖሚስቶችን አሠልጥኗል።

በእነዚህ ተቋማት የሚሠራው ሥራ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሁለት ጥናቶችን መጥቀስ ይቻላል። አንደኛው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከላይ ከተጠቀሰው የምግብ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት ጋር በመሆን ያካሄደው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2009 ድረስ በ15 የገጠር መንደሮች የሚኖሩ ወደ 1 ሺህ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን እየተመላለሰ ጠይቋል፤ ምን እንደዘሩ፣ ምን እንደበሉ፣ በሬ ሲሞትባቸው ወይም ዝናብ ሲቀር ምን እንዳደረጉ መዝግቧል። ሁለተኛው “ያንግ ላይቭስ” የተሰኘው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ 3 ሺህ ሕፃናትን መርጦ እስከ ወጣትነታቸው የተከታተለ ነው። ከሁለቱ ጥናቶች በተገኘ መረጃ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩ ሰዎች ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ አውሮፓና አሜሪካ ተበትነው ይሠራሉ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም በየጊዜው መገምገም ስለነበረበት ለኢኮኖሚስቶች፣ ለሶሲዮሎጂና ለሥርዓተ ምግብ ባለሙያዎች የዓመታት ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

የዶክትሬት ጽሑፍ በቀጥታ ወደ ተቋምነት የተለወጠበት አጋጣሚም አለ። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት ስለ ኢትዮጵያ የእህል ገበያና በውስጡ ስለሚሠሩ ደላሎች ነበር። ነጋዴው የማያውቀውን ሰው እንዴት አምኖ እህሉን እንደሚልክ፣ እምነቱም ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትል አጠኑ። በዓለም ባንክና በምግብ ፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩት ከሠሩ በኋላ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመምራት የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነዋል።

ከማስተማርና ከቋሚ የምርምር ሥራ ቀጥሎ፣ ምናልባትም በገቢ ረገድ ከሁለቱም በላይ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ዶክተሮችን የሚያሠራው የማማከር አገልግሎት ነው። አሠራሩ በመስኩ ላሉ ሁሉ የታወቀ ነው። አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢጋር አዘጋጅቶ በጋዜጣ ማስታወቂያ ያወጣል። ቢጋሩ የቡድን መሪው ሦስተኛ ዲግሪ፣ የ10 ዓመት ልምድና ቢያንስ ሦስት ተመሳሳይ ጥናቶችን የሠራ መሆን እንዳለበት ይጠይቃል። ተወዳዳሪው የቴክኒክና የዋጋ ሰነዱን በየፖስታው አሽጎ ያስገባል። ካሸነፈ መረጃ ሰብሳቢዎችን ያሠለጥናል፤ በየወረዳው ይልካል፤ የቡድን ውይይት ያካሂዳል፤ ረቂቅ ሪፖርት ያቀርባል፤ በአንድ ሆቴል አዳራሽ አስተያየት ከተሰጠበት በኋላ የመጨረሻው ሪፖርት ይታተማል። ከዚያም ብዙውን ጊዜ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

በዚህ ሥራ ዶክትሬት የሚፈለገው ለእውቀቱ ያህል ለሰነዱም ነው። የሚያማክሩ ድርጅቶች ጨረታ ለማሸነፍ ሲሉ የአንድን ዶክተር የሥራ ልምድ ማስረጃ በሰነዳቸው ውስጥ አካተው፣ መስክ የሚወጣው ግን ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ወጣት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በባለሙያዎቹ ቋንቋ ይህ “ሲቪ ማከራየት” ይባላል። ኪራዩ ለአከራዩ ገንዘብ ያስገኛል፤ ለጥናቱ ጥራት ግን ዋስትና አይሆንም።

የማማከር ሥራ ከዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ጋር ያለውን ልዩነት ያሰፋው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ተሻገረ። በዶላር የሚታሰብ ክፍያ ያለው አማካሪ ገቢው በብር ሲጨምር፣ በብር የሚከፈለው ረዳት ፕሮፌሰር ግን የቤት ኪራዩንና የጤፍ ዋጋውን መቋቋም ከበደው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን የደመወዝና የቤት ጥያቄ ከዚያ አስቀድሞ በ2015 ዓ.ም. በይፋ ቀርቦ እንደነበር የሚታወስ ነው።

ይሁን እንጂ የማማከር ገበያውም ጥላ የሚጥልበት ደመና አላጣም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከበጀታቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብትና በመልካም አስተዳደር ጉዳዮች እንዳይሠሩ በመከልከሉ በዚህ ዘርፍ የነበረው ጥናት ለአሥር ዓመታት ያህል ተዳክሞ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ገደቡን አንሥቷል። ከዚያ በኋላ ያገገመውን ገበያ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የመጣ ውሳኔ መታው። የአሜሪካ መንግሥት በጥር ወር የውጭ ዕርዳታውን አግዶ፣ የዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ ድርጅቱን (ዩኤስኤአይዲ) ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ዘጋ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ ሀገሮች የድርጅቱን ከፍተኛ ድጋፍ ከሚያገኙት አንዷ ስለነበረች፣ የመነሻ ጥናቶች፣ የአጋማሽ ዘመን ግምገማዎችና የክትትል ሥራዎች በጅምር ቀርተዋል። በፕሮጀክት የተቀጠሩ የክትትልና ግምገማ ባለሙያዎች፣ ከእነርሱም መካከል ሦስተኛ ዲግሪ ያላቸው፣ ሥራቸውን አጥተዋል። በዓለም ዙሪያ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ፕሮግራምም በዚሁ ውሳኔ ተቋርጦ ነበር።

የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ቀድሞም ዕድለኞች አልነበሩም። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነበር፤ አራተኛው በየጊዜው ሲተላለፍ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. በሁለቱ ምክር ቤቶች ውሳኔ በድጋሚ ተራዝሟል። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚል ስያሜ የተሰጠው መሥሪያ ቤት ግን ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደውን የቤተሰብ ኑሮ ጥናት ጨምሮ ሌሎች ዳሰሳዎችን አላቋረጠም።

መንግሥት ራሱ ሰፊ ቀጣሪ ቢሆንም ሦስተኛ ዲግሪ በሲቪል ሰርቪሱ ውስጥ ያለው ቦታ በጉልህ አልተበጀለትም። የሥራ መደቦች ተፈላጊ ችሎታ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ እንዲሁም በሥራ ልምድ ዓመታት ነው። ዶክትሬቱን ማታ ማታ ተምሮ የጨረሰ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ባለሙያ በማግሥቱ ከቢሮው ሲገባ የሚያገኘው ያንኑ ወንበርና ያንኑ ደመወዝ ነው። በመሆኑም ከመንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚደረገው ፍልሰት ሊያስደንቅ አይገባም። በአንጻሩ በሹመት ደረጃ የማኅበራዊ ሳይንስ ዶክተሮች እጥረት ታይቶ አያውቅም። ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. ርዕሰ ብሔር የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በጀርመን ሀገር በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ዶክትሬት ያገኙ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ደግሞ በኒው ዮርክ ኒው ስኩል በኢኮኖሚክስ ሦስተኛ ዲግሪ ካገኙ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በኢኮኖሚክስ ማኅበሩ የጥናት ኢንስቲትዩትና በአሜሪካው በክኔል ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል።

ለፖለቲካ ሳይንስና ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ምሁራን ተጨማሪ በር የሚከፍተው የአህጉራዊ ድርጅቶች በአዲስ አበባ መኖር ነው። የአፍሪካ ኅብረት ቅጥር በአባል ሀገሮች ኮታ የሚመራ በመሆኑ ለአስተናጋጇ ሀገር ዜጎች የሚደርሰው የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያና ምላሽ ማዕከል፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሰላምና ደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት በዚሁ መስክ የሚጠቀሱ ናቸው። ጂኦግራፊ ያጠኑት በሳተላይት ምስልና በካርታ ሥራ ችሎታቸው ምክንያት በመሬት አስተዳደር፣ በከተማ ፕላንና በአደጋ ሥጋት ሥራዎች ተፈላጊ ሆነዋል፤ ከማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች እጅ ሥራ ከተማረ ሰው ጋር የሚመሳሰሉት እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ኢኮኖሚስቶችን ብሔራዊ ባንክና የንግድ ባንኮች የጥናት ክፍሎች ይቀጥራሉ።

በውጭ ያለው ገጽታ በብዙ መልኩ ተመሳሳይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የዶክትሬት ባለቤቶችን የሥራ ሁኔታ በዳሰሳ ሲከታተል ቆይቷል። መሐንዲሶች በብዛት ወደ ግል ኩባንያ ሲሄዱ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ዶክተሮች በአንጻሩ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደላሉ። ከመካከላቸው የተለዩት ኢኮኖሚስቶች ናቸው። የሀገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ቦርድ ብቻውን ከ400 በላይ የኢኮኖሚክስ ዶክተሮችን ይቀጥራል፤ እንደ አማዞን ያሉ ግዙፍ ኩባንያዎችም የዋጋና የገበያ ጥናታቸውን የሚያሠሩት በእነርሱ ነው። አዲስ የኢኮኖሚክስ ዶክተር በበልግ ወራት በአንድ ጊዜ ለብዙ ተቋማት ያመለክታል፤ እ.ኤ.አ. በጥር ወር አካባቢ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል። ቀድሞ በሆቴል ክፍሎች ይካሄድ የነበረው ይህ ቃለ መጠይቅ ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በኢንተርኔት ሆኗል። ለአንትሮፖሎጂና ለታሪክ ዶክተሮች ግን በአሜሪካም ቋሚ የማስተማሪያ ቦታ እየጠበበ ሄዷል፤ ብዙዎች በየሴሚስተሩ በሚታደስ ውል ያስተምራሉ። በአዲስ አበባ የሚወራው በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ዶክተር ታሪክ ከዚህ ሁኔታ ጋር የማይገናኝ አይደለም።

በሀገር ውስጥ የሚታየው አዲስ ለውጥ ከዩኒቨርሲቲዎች አስተዳደር ጋር የተያያዘ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞቹን የሚቀጥረው፣ ደመወዛቸውን የሚወስነውና የትምህርት ክፍሎቹን የሚያጥፈው ወይም የሚያስፋፋው በራሱ ቦርድና መመሪያ ነው። ሌሎች ነባር ዩኒቨርሲቲዎችም በየተራ ወደዚሁ ሥርዓት እንዲገቡ ታቅዷል። ጥሩ የጥናት ገንዘብ ለሚያመጣ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ይህ የደመወዝ ማሻሻያ ተስፋ ሊሆን ይችላል። ተማሪ ላነሰው የታሪክ ወይም የፍልስፍና ክፍል ግን በሚቀጥለው ዓመት ስንት መምህራን እንደሚኖሩት የሚወሰነው፣ ከትምህርት ሚኒስቴር በሚመጣ የበጀት ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን፣ እዚያው ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ በሚካሄድ የቦርድ ስብሰባ ነው።